«አሜን» ማለት ያቃተው ኮከብ ሠራተኛ

«እማዬ፣ እዚህ ቁጭ በይ። አንበሳው ፊት ለፊትሽ ነው... ተኝቷል።»

«ተኝቷል?»

«አዎ። ጠብቂኝ፣ መጣሁ።»

ንዋይ ይህን ብሎ እናቱን ድንጋይ ላይ አስቀመጣቸውና ሄደ...

ፊታቸው ያለው የብረት ፍርግርግ ግን ባዶ ነበር።

ቤቱ ሊጸዳ ስለሆነ አንበሳው ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል።

እናቱ እትዬ ተሻለች ደግሞ ዓይነ ስውር ናቸው።

ዘመኑ የደርግ... ቦታው አዲስ አበባ፣ አንበሳ ግቢ።

ንዋይ ናዝሬት ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ «ኮከብ ሠራተኛ» ተብሎ ነበር። ሽልማቱ ምን መሰላችሁ? ከሌሎቹ ኮከቦች ጋር ሸገርን ጎብኝቶ መመለስ። አንድ የቤተሰብ ሰው ማስከተል ይቻላል።

እሱ ያሰበው እጮኛውን ሙሉዬን ነው።

እናትየው ግን ወሬውን የሰሙ ቀን «እኔን ውሰደኝ» አሉ። በሕይወታቸው ውሰደኝ ብለውት አያውቁም።

«እማዬ ደሞ! አንበሳ ግቢ ሄደሽ ምኑን ልታዪ ነው?»

«አንተ ብቻ ውሰደኝ።»

ወሬው የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጆሮ ደረሰ። ጓድ ኃይለየሱስ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ...

«ጓድ ንዋይ ዓይነ ስውር እናቱን ይዞ ይጓዛል! አብዮታዊ ልጅ ማለት ይህ ነው!» ብሎ አዳራሹን አስጨበጨበለት።

በቃ... ከተጨበጨበልህ በኋላ ወዴት ትሸሻለህ?

ግን ግቢው ውስጥ ሲገቡ አፈረ።

በእሳቸው እርምጃ ልክ መንቀርፈፉ... በየደረጃው «እግርሽን አንሺ» ማለቱ... ሰው ዞር እያለ ማየቱ...

ጓደኛው ሽኩር ከሩቅ ጮኸበት።

«አንተ! ፎቶ አንሺው ሊሄድ ነው! ወይስ ከአንበሶቹ ጋር ልታድር ነው?»

ሰው ያልተሰበሰበበት ያ ባዶ ቤት ብቻ ነበር። እዚያ አስቀመጣቸውና ሄደ።

ፎቶ ተነሣ። ከግቢው ወጣ ብለው ቢራ ጠጡ። ተደገመ...

እናቱ ትዝ ያሉት የአውቶቡሱ ጡሩምባ ሲጮህ ነው።

ሮጦ መጣ። እዚያችው ድንጋይ ላይ አሉ። አጠገባቸው አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ቆሟል።

«ልጃቸው አንተ ነህ?»

«አዎ... ምነው አባባ?»

ዘበኛው ራቅ አድርጎ ወሰደው።

«ቤቱ ባዶ መሆኑን ቅድም ነግሬያቸዋለሁ። አንበሶቹ ጋ ልውሰድዎት፣ ሲያገሱ ይሰማሉ ብላቸው እምቢ አሉኝ።»

«ለምን?»

«ልጄ ትንሽ ሳለ አንበሳ አሳዪኝ እያለ ሲያለቅስብኝ ቃል ገብቼለት ነበር አሉ። ሳልወስደው ዓይኔ ጠፋ አሉ። እኔ የመጣሁት እሱ ሲያይ አጠገቡ ሆኜ ድምፁን ልሰማ ነው፣ ያለ እሱ አንበሳ ምን ያደርግልኛል አሉኝ።»

ንዋይ ክው አለ።

እሱ ራሱ እኮ አንድም አንበሳ በቅጡ አላየም!

«እማዬ፣ ተነሽ! አሁኑኑ እንሂድ፣ አብረን እናያለን!»

ጡሩምባው ደገመ። ጓድ ኃይለየሱስ ከበሩ ተጣራ።

«ጓድ ንዋይ! የቀረነው አንተን ብቻ ነው!»

«ተወው ልጄ... ሰው አናስቀይም» አሉና እናቱ እጃቸውን ዘረጉለት።

እጃቸውን ይዞ አውቶቡሱ ላይ አወጣቸው፤ ማታ ናዝሬት ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤት ቤቱን ሞላው። ቀድመው የገቡት እትዬ ኢፍቱ ናቸው።

«አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ተሻለች! እሺ፣ አንበሳውስ እንዴት ነበር?»

ንዋይ አንገቱን ደፋ። ጉዱ ሊወጣ ነው...

«ኧረ ምን ልንገራችሁ!» አሉ እናቱ። «ልጄ እጄን ሳይለቅ በየቤታቸው አዞረኝ። ይሄ ወንዱ ነው፣ ይቺ ሴቷ ናት፣ ይሄኛው አሁን አዛጋ እያለ... በዓይኔ ያየሁት ያህል ነው!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እትዬ ኢፍቱ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁት።

«አንተ ለእናትህ እንዳደረግህላት... ልጆችህም ልክ እንደዚሁ ያድርጉልህ!»

ሁሉም ዞሮ አየው። ትልቅ ሰው ሲመርቅ አሜን ነዋ የሚባለው።

አፉን ከፈተ... አልወጣም።

«አሜን በል እንጂ! ምን ይዘጋሃል?»

ይሄኔ እናቱ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«የለም የለም ኢፍቱ! እንደሱ አትበዪው! ከዚህ የተሻለ ያድርጉልህ በዪው... ከዚህ የተሻለ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «አይ ተሻለች! ለልጇ ስትስገበገብ!»

ያልሳቀው ንዋይ ብቻ ነው።

እትዬ ኢፍቱ እየሳቁ አስተካክለው መረቁት። «አሜን» ያሉት ግን እናቱ ናቸው... ስለ እሱ።

ወገን... እናትን ይዞ መሄድ ሌላ ነው፣ ከእናት ጋር መሄድ ሌላ።

«ዓይን የለው፣ ምን ያያል?» «እግር የለው፣ የት ይደርሳል?» እያልን ስንቱን ሰው ጥግ አስቀምጠን ሄደናል? እሱ የፈለገው አብረነው እንድንሆን ብቻ ሆኖ ሳለ...

እስቲ ከልባችሁ መልሱልኝ። እናንተ ንዋይን ብትሆኑ፣ እዚያው ጎረቤት ፊት እውነቱን ታወጡት ነበር? ወይስ እናታችሁ የሸፈነችላችሁን ይዛችሁ ዝም ትሉ ነበር?