የኋላው በር

ለፊሊፒንስ ብዙ ወርቅ ያመጣው የጂምናስቲክ ሻምፒዮን ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ ተወዳደረ። ትከሻው ያለ ማደንዘዣ መርፌ አልሠራ ካለ ቆይቷል፤ ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን የምታለብሰው ሚስቱ ናት። ቢሆንም ከብረቱ ዘንግ ተወርውሮ፣ አየር ላይ ተገለባብጦ ምንጣፉ ላይ በእግሩ ሲቆም የማኒላ ሕዝብ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

የእሱ ዓይን ግን እንደ ልማዱ አንድ ወንበር ፈለገ። ባዶ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በተወዳደረ ቁጥር ለአባቱ የመግቢያ ትኬት ይልካል። አባቱ የጂፕኒ ታክሲ ሹፌር ናቸው፤ አንድም ቀን ገብተው አይተውት አያውቁም። "ሥራ ይዞኝ ነው" ይላሉ ሁልጊዜ። መጠየቁም ሰልችቶት ትቶታል።

ሜዳሊያውን ኪሱ ከትቶ፣ ጋዜጠኞቹን ሸሽቶ ወደ ኋላው በር ሄደ። ዘበኛው ቦርሳውን ተቀበለው።

"ዛሬ እንኳ ይገባሉ ብዬ ነበር" አለው።

"እነማን?"

"አባትህ ናቸዋ! እዚህ በተወዳደርክ ቁጥር ከበሩ ውጭ ይቆማሉ። ይግቡ ስላቸው እሺ አይሉም። ጭብጨባ በሰሙ ቁጥር፣ እስቲ ገብተህ እይልኝ ይሉኛል።"

በሩን ገፋ አድርጎ ወጣ። አባቱ ዝናብ ውስጥ፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል። ኮቴ ሲሰሙ ዘበኛው መሰላቸው። ሳይዞሩ፣ በፈራ ድምፅ ጠየቁ፦

"በእግሩ ቆመ?"