አስተርጓሚው የሰማው

የሕፃናት ጥበቃ ባለሙያዋ ሳን ሆዜ ወደሚገኘው የውብዳርና የልጇ የሳሌም አፓርታማ የመጣችው፣ ሕፃኗ እዚያ መኖሯ አደጋ ይኖረው እንደሆነ ልትገመግም ነው። አስተርጓሚው በስልክ ስፒከር ይናገራል።

«ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ ወይ ትላለች።»

«እኔና ልጄ ብቻ ነን።»

«ይቅርታ እህቴ፣ ከኋላዎ የሚያወራው ሰውዬስ? የሰማሁትን ሁሉ መተርጎም አለብኝ።»

ውብዳር ዞር አለች። ግድግዳ ብቻ ነው።

«ማንም የለም፣ ወንድሜ። እባክዎ አይተርጉሙት፤ ልጄን ይወስዱብኛል።»

ልመናዋንም ተረጎመው። ቀጥሎ በሁለቱም ቋንቋ፣ «ሰውዬው ‹በሩን ቆልፌዋለሁ› ይላል» አለ።

ባለሙያዋ ተነስታ የበሩን እጀታ ሞከረች። አልተከፈተም።

ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ብቻ የምትመልሰው ሳሌም፣ ከሥዕሏ ቀና ሳትል በጠራ አማርኛ አረመችው።

«ቆልፌዋለሁ አላለም። ቆልፌባቸዋለሁ ነው ያለው።»