የደልሲ ፀጉር

“መርፌ አያስፈልጋትም! ታማ ድናለች... አንዴ የዳነ ውሻ ምን ይነካዋል?”

በግ አርቢው ሜርቭ ይህን ማለት ከጀመረ አስራ አንድ ዓመቱ ነው። በዚያ ደረቅ የአውስትራሊያ ሜዳ እንዲህ የማይል ባለ ውሻ የለም።

የሜርቭ ውሻ ቢንዲ ቡችላ ሳለች ፓርቮ የሚባል ቫይረስ ጥሏት ነበር። ሚስቱ ደልሲ ናት በማንኪያ ውሃ እያጠጣች ከሞት አፍ ያወጣቻት።

ደልሲ በክትባት ነገር ተከራክራው አታውቅም... ትስቅ ነበር እንጂ።

ደልሲ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ቢንዲ ግን አሁንም የደልሲ መኪና በር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች። ሜርቭም ይጠብቃታል... አፍሮ ለማንም አይናገርም እንጂ።

ሰሞኑን የጎረቤቱ ሁለት ውሾች በሌላ ቫይረስ ሞቱ።

በማግስቱ ቢንዲ ማሳል ጀመረች!

ለሜርቭ ከደልሲ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። መኪናው ላይ ጭኗት ወደ ከተማ በረረ።

እዚያ ሲደርሱ ቢንዲ ዘላ ወረደችና እየጎተተች ወሰደችው... በቀጥታ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ በር!

“ቢንዲዬ! ከደልሲ ቀብር ወዲህ የት ጠፋሽ?” አለች ሐኪሟ ጆይስ።

“ታውቂያታለሽ እንዴ?”

“አንተ ግትር! በየዓመቱ መጋቢት ላይ ደልሲ እያመጣች ታስከትባት ነበር እኮ። ታሞ መዳን የሚጠብቃት ከፓርቮ ብቻ ነው... ከሌላው ማን ይጠብቃት? ‘ከእሱ ጋር ከምጨቃጨቅ መኪና ብነዳ ይቀለኛል፣ እንዳትነግሪው’ አለችኝ።”

“መጋቢት ላይማ ፀጉሯን ልትቆረጥ ነበር የምትመጣው... ቢንዲን ለጓደኛ ይዛ!”

“አንድም ቀን ተቆርጣ አታውቅም።”



ሜርቭ በየመጋቢቱ ደልሲ ከከተማ ስትመለስ ከጋዜጣው ቀና ሳይል “አምሮብሻል” ይላት ነበር። እሷም ትስቃለች። ለምን እንደምትስቅ ዛሬ ገባው።

ጆይስ ቢንዲን መርምራ ጨረሰች። “ቀላል ሳል ነው። ደልሲ ያስከተበቻት ክትባት እስካሁን እየጠበቃት ነው። ሲሻላት አምጣትና እንከትባታለን።”

ሜርቭ ፊቱን የውሻዋ አንገት ውስጥ ቀብሮ አለቀሰ። ምናለ አንዴ ቀና ብሎ ባያት ኖሮ!

ወዳጆቼ... አንዱን ክፉ ቀን ማለፍ ከሚመጣው ሁሉ አያድንም። ከጀርባችን ሆነው የሚጠብቁንን ደግሞ ሳይሄዱብን ቀና ብለን እንያቸው።

እናንተስ... ቀና ሳትሉ “አምሮብሻል” ያላችሁት ለማን ነው? እስኪ ስሟን ኮሜንት ላይ ጻፉላት...