የጫካ ቀለም

ባጃጅ ቦንጋ በገባ ሰሞን ነው። የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፉት ጋሽ ነስሩ ዘንድ ተድላ የሚባል አዳኝ ጠመንጃውንና ካፖርቱን ይዞ መጣ።

«ከርከሮ በቆሎዬን ጨረሰው፤ ገና ከሩቅ እያየኝ ያመልጣል። ካፖርቴን ጫካውን አስመስለው ይቀቡልኝ» አላቸው።

ጋሽ ነስሩ ከቤታቸው ጀርባ ያለውን ጫካ እያዩ ቅጠሉን፣ ሐረጉን፣ ከቅርንጫፉ የሚንጠለጠለውን የዛፉን ሽበት ሳይቀር ቀቡለት። ተድላ ካፖርቱን ለብሶ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ሲሄድ ገና ዛፎቹ ጋ ሳይደርስ ከዓይናቸው ጠፋ። በሥራቸው ደስ አላቸው።

ከሳምንት በኋላ ሚስቱ ብርቄ ዓይኗ አብጦ መጣች።

«ጋሽ ነስሩ፣ ቀለሙን ያስለቅቁልን።»

«ካፖርቱን አምጪዋ። እሱ ራሱስ ለምን አልመጣም?»

«አብሮኝ ነው የመጣው። እንዳይደነግጡ ብዬ ዝም በል ብዬው ነው» አለች፣ ባዶውን ወንበር እያየች።

ጋሽ ነስሩ ጭንቀት አእምሮዋን የነካው መሰላቸው። ሊያባብሏት ብለው ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነከሩና እጃቸውን ወደ ወንበሩ ዘረጉ። ጨርቁ የሰው ጎድን ላይ አረፈ፤ ከሥሩ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ደጋግመው ጠረጉ። ቀለሙ ለቀቀ፤ ጨርቁ አረንጓዴ ሆነ። ወንበሩ ላይ ግን አሁንም ማንም አይታይም።

«ለቀቀ፣ ጋሼ?» አለ ተድላ።