አማት የደወለችው ስልክ

የሰው ጓዳ የሚያወጣ አፍ ቢቀጣ ይገባዋል። እኛም ይህን የምናወጋው አንገታችንን ደፍተን፣ እያዘንን፣ ለምክር ያህል ብቻ መሆኑ ይታወቅልን። ሐሜት ከመሰለ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ሐሜተኛ ደግሞ ይቅርታ ሲጠይቅ ታይቶ አይታወቅም።

አቪታልና ባሏ ኢታማር እስራኤል አገር፣ ናሃሪያ ከተማ ውስጥ፣ ባሕሩ ከሚታይበት ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ልጅ አጥተው ብዙ ከተንከራተቱ በኋላ ዳሪያ የምትባል ሕፃን ከዩክሬን በጉዲፈቻ አመጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ኬክ ይዞ ጎረፈ። "ጽድቅ ሠራሽ!" አሏት። አቪታል አመስግና ኬኩን ቆረሰች፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውኃውን ከፍታ አለቀሰች። በማግሥቱም እንደዚያው።

ለማንም አልተናገረችም። ወልዳ ቢሆን "አራስ ናት፣ ያልፍላታል" ይሏት ነበር። ለምና፣ ፈርማ፣ በአውሮፕላን ሄዳ ያመጣቻትን ልጅ "ሳቅፋት ምንም አይሰማኝም" ብትል ግን ማን ያዝንላታል?

ደግሞ አማቷ ፕኒና አለች። ፕኒና እንግዳ ባየች ቁጥር ኢታማርን እንዴት እንደወለደችው ታወራለች። "ሁለት ቀን አማጥኩ፤ ሐኪሙ ታክቶት ቡና ሊጠጣ ወጣ" ትላለች። ምጡ በየዓመቱ ይረዝማል።

ዳሪያ ወደ አይሁድ ሃይማኖት የምትገባበት ቀን ደረሰና የሃይማኖቱ መምህራን ረቢዎቹ ባሉበት ውኃ ውስጥ መጥለቅ ነበረባት። ልጅቷ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ አቪታል ደርቃ ቀረች። ፕኒና ከነቀሚሷ ገንዳው ውስጥ ገብታ የልጅቷ ፊት ላይ እፍ አለች። ሕፃኗ ትንፋሿን ዋጥ ስታደርግ ነከር፣ ብድግ አደረገቻት።

"ይህን ከየት ተማርሽው?" አለች አቪታል።

"እናት የሆነች ታውቀዋለች።"

አቪታል ይህችን ቃል እንደ እሾህ ይዛ ቤቷ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ፕኒና በየቀኑ ትመጣለች። ሳህን ታጥባለች፣ ቤቱን እንደ ጉምሩክ ሠራተኛ ትፈትሻለች። "ዛሬ አቅፈሻታል?" ትላለች።

"ተያት" ይላል ኢታማር። "እናቴ ክፉ አታስብም። እኛ ቤት የሚደበቅ ነገር የለም።"

አንድ ቀን ጉዲፈቻውን የምትከታተለው የመንግሥት ሠራተኛ ሳትጠራ መጣች። "አማትሽ ደውላልኝ ነው" አለች። "እሑድ ሐኪም ይዤ እመለሳለሁ።"

አቪታል ሠራተኛዋን እስከ ደረጃው ሸኘቻት። "ልጄን ሊወስዱብኝ ነው" አለች። "ልጄ" ማለቷን ራሷም ልብ አላለችም።

ዓርብ ከሰዓት ፕኒና ለሰንበት ዓሣ ስትጠብስ፣ አቪታል የወጥ ቤቱን በር ዘጋች።

"ሸጥሽኝ፣ ፕኒና።"

"ደወልኩ እንጂ አልሸጥኩሽም።"

"ልጅቷን አትወዳትም አልሻት?"

"ምራቴ ልጅቷን ገና አልለመደቻትም፤ ምራቴ ታማለች፣ ሐኪም ያስፈልጋታል አልኳት።"

"ማን ነገረሽ? ለባሌ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። አንቺ ወላድ ነሽ፤ የኔን ምን ታውቂያለሽ?"

ፕኒና እሳቱን አጠፋች። ሳሎን ውስጥ ኢታማር ለዳሪያ ፈረስ ሆኖላት ሁለቱም ይስቃሉ።

"ድምፅሽን ቀንሺ፣ ነፍሴ" አለች። "ለኔ ማንም አልደወለልኝም።"

ከዚያ ጠጋ ብላ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። አጭር ነበር። አቪታል ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"እናንተ ሴቶች፣ በር ዘግታችሁ ምን ትዶልታላችሁ?" አለ ኢታማር ከሳሎን።

ፕኒና ምራቷን አየቻት። አቪታል ወደ በሩ ዞረች።

"ስለ ዓሣው ነው" ብላ መለሰችለት።

እናንተም ይህን ለማንም አትድገሙት፤ ኢታማር ከብራዚል በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ መሆኑን እስከ ዛሬ የነገረው የለም።