«ልጄ እጁ አመል አለበት» ያለው አባት

«ተዘግቷል! በሩ ላይ የተጻፈውን አታይም እንዴ?»

ሴትየዋ ቀና ሳትል ነበር የጮኸችው... የንቅሳት ዕቃዎቿን ካርቶን ውስጥ እየከተተች።

ሄኒንግ ግን አልወጣም።

ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ጨብጦ ቆመ። ዝናቡ ከካፖርቱ ላይ ይንጠባጠባል...

«ልነቀስ አይደለም የመጣሁት» አላት። «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው።»

ቤንተ ያኔ ቀና አለች።

አወቀችው...

ነገሩ የጀመረው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው።

ሄኒንግ በኤስቢየር የወደብ ከተማ ስሙ የታወቀ የቧንቧ ባለሙያ ነው። አንድ ልጅ አለው፣ አስገር የሚባል። ያኔ አስገር አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የአባቱን ሙያ እየተማረ፣ ለመጨረስ አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ምግብ ላይ ሆነው...

«አባዬ፣ ቤንተ ሙያውን ላስተምርህ ብላኛለች።»

«የትኛዋ ቤንተ?»

«ወደቡ ጋ ያለችው። ነቃሿ።»

«ደሞዙስ?»

«ለሁለት ዓመት... የለውም።»

ሄኒንግ ሳቀ።

«ስማ ልጄ፣ መርከበኛ ሰክሮ ይነቀሳል፣ ስካሩ ሲለቀው ይጸጸታል። ሽንት ቤቱ ተደፍኖበት ቧንቧ ሠራተኛ በመጥራቱ የተጸጸተ ሰው ግን አይተህ ታውቃለህ?»

እናቱ ኢንገርም ሳቋ አመለጣት።

አስገር ግን አልሳቀም። «ሰኞ እጀምራለሁ» አለ።

በማግስቱ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሄኒንግ ለማንም ሳይናገር ቤንተ ሱቅ ሄደ።

«የአስገር አባት ነኝ» አላት። «ኋላ እንዳትጎጂ ብዬ ነው... ልጄ እጁ አመል አለበት። ሰው ቤት ለሥራ ገብተን ዕቃ ሲያነሳ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ውሸት ነበር!

አስገር በሕይወቱ የሰው ክብሪት እንኳ አንስቶ አያውቅም።

ሄኒንግ መልሷን ሳይጠብቅ ወጥቶ ሄደ።

ሰኞ አስገር ቤት ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምነው?»

«ቦታው ተይዟል አለችኝ።»

«አይዞህ... ለበጎ ነው» አለው አባቱ።

ለበጎ ነው! እንዴት አፉ እንዳልተሳሰረ...

ልጁ ትምህርቱን ጨረሰ። ከአባቱ ጋር በአንድ መኪና እየዞረ መሥራት ጀመረ። ጎበዝ ወጣው። ሚስት አገባ፣ ቤት ገዛ። ሄኒንግም «ልክ ነበርኩ» እያለ ራሱን ሲያባብል ኖረ።

የዛሬ ወር ግን ሄኒንግ ጡረታ ሲወጣ ትንሽ ድግስ ተደረገለት። አንዲት የቆዩ ደንበኛ የቢራ ብርጭቋቸውን አንስተው «እኔ ስለ ልጁ ልናገር» አሉ።

«ለእህቴ ልጅ እንኳ የቤቴን ቁልፍ አልሰጥም። ለአስገር ግን ሰጥቼው ክረምቱን ሙሉ ስፔን እከርማለሁ። እንደሱ ያለ እጀ ንጹሕ ሰው አላየሁም!»

ሁሉም አጨበጨበ።

ሄኒንግ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የሰው ዓይን ማየት ከበደው። ቤንተ ሱቋን ልትዘጋ ነው ሲባል ሲሰማ ነው፣ በዝናብ የመጣው።

«ዋሽቼሽ ነበር» አላት። «ልጄ ሌባ አይደለም። እንዳትቀበይው ብዬ ነው። አንቺም አምነሽኝ ቦታውን ከለከልሽው...»

ቤንተ ካርቶኑን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

«አምኜሃለሁ ያለህ ማነው?»

«እንዴ...»

«አንተ እግርህ እንደወጣ ደወልኩለት። መጣ። ‹አባትህ እንዲህ ብሎሃል፣ እኔ ግን አላመንኩትም፣ ሰኞ ና ጀምር› አልኩት።»



«ታዲያ ቦታው ተይዟል ያልሽውስ?»

«እኔ መች አልኩ? ራሱ ነው የፈጠረው። እዚች ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ቆየና ምን አለኝ መሰለህ... ‹እዚህ ከገባሁ አባቴ ውሸቱን እንደደረስኩበት ያውቃል። ከዚያ በኋላ በምን ዓይኑ ያየኛል? እናቴ ከሰማችማ ቤታችን ይፈርሳል። ይቅርብኝ።›»

ሄኒንግ ከሱቁ እንዴት እንደወጣ አያስታውስም።

አስገርን ያገኘው አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ ማሞቂያ ሲጠግን ነው።

«ታውቅ ነበር?»

አስገር ከሥራው ቀና አላለም።

«ቤንተ ጋ ሄደህ ነበር ማለት ነው።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ! አንዲት ቃል እንኳ?»

«ምን ልበልህ አባዬ? ያን የመጀመሪያ ዓመት መኪና ውስጥ ሬዲዮኑን ከፍ የማደርገው ዘፈን ወድጄ መሰለህ? ድምፅህን መስማት አቅቶኝ ነው።»

ሄኒንግ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ሥራውንስ... ትጠላዋለህ?»

«ወደድኩት! ጉዱ እኮ እሱ ነው። ግን ብመርጠው ኖሮም እወደው ነበር ወይ... እሱን መቼም አላውቀውም።»

አባትየው ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ። እንባው ግን ቀደመው።

እሁድ ምሳ ላይ ቤተሰቡ እንደተሰበሰበ ሄኒንግ ከወንበሩ ተነሳ።

«ደሞ ንግግር ልታደርግ ነው? ጥብሱ ሊቀዘቅዝ!» አለች ኢንገር እየሳቀች።

አስገር በዓይኑ «ተው» አለው።

አልተወም።

ሚስቱና ምራቱ ፊት ሁሉንም ተናገረ። ቤንተን «እጁ አመል አለበት» ያላትን ሳይቀር።

ኢንገር ሹካዋን አስቀመጠች። አርባ ዓመት አብራው የኖረችውን ባሏን እንደማታውቀው ሰው አየችው... ተነስታ ወጣች።



ሄኒንግ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

አስገር ሳህኑን ወደ አባቱ ገፋ አደረገ።

«አባዬ... እስቲ ድንቹን አቀብለኝ።»

ወዳጆቼ... ሄኒንግ የመረጠለት ሙያ መጥፎ አልነበረም። ልጁን አብልቶታል፣ አስከብሮታል። ግን ልጅን ደህና መንገድ ላይ ለማስገባት ብሎ ስሙን ጭቃ መቀባት ፍቅር አይባልም፣ ፍርሃት ነው። ልጆቻችን ደግሞ የማያውቁት የሚመስለንን ነገር... አውቀው ለእኛ ሲሉ ዝም ያሉት ስንቱን ይሆን?

እስቲ እናንተ ፍረዱ... አስገር የአባቱን ክብር ለመጠበቅ ብሎ ምኞቱን መቅበሩ ልክ ነበር? እናንተስ ያን ቀን ማዕዱ ላይ ብትኖሩ ድንቹን ትጠይቁ ነበር... ወይስ እንደ ኢንገር ተነስታችሁ ትወጡ ነበር?