የአገኘሁሽ ፈትል

የአገኘሁሽ ባል በጣሊያን ጊዜ እንደ ወጣ ቀርቷል። ስለዚህ አንድያ ልጇ ጽጌሬዳ መካነ ብርሃን አጠገብ ያለውን የነጭ ድንጋይ ዋሻ ካላየሁ ስትል ከጎንደር አብራት መጣች፤ ራሷ የፈተለችውንም ፈትል በልጅቷ የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

«እማዬ፣ እንደ በግ አሰርሽኝ እኮ!»

«ዝም በይ። ደኅና ከሆንሽ ሁለቴ፣ ከጨነቀሽ ሦስቴ ሳቢ።»

ጽጌሬዳ ጧፏን ይዛ እየሳቀች ገባች። አገኘሁሽ የፈትሉን ጥቅል ይዛ ከዋሻው አፍ ተቀመጠች። በዚያ ሁሉ ገደል ከነፋሱ በቀር የሚሰማ የለም። ፈትሉ እየተተረተረ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ በየጊዜው ሁለቴ ይሳባል፤ እሷም «ተመስገን» ትላለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጽጌሬዳ ነጠላዋ ነጭ አቧራ ለብሶ ወጣች። እናቷ አገላብጣ ሳመቻትና አንጓዋን ዳሰሰች። ምንም የለበትም።

«ፈትሉንስ የት ጣልሽው?»

«ምነው እማዬ፣ የምን ፈትል?» አለች ልጅቷ፤ ስትቀልድም አትመስል። «ይልቅ ተነሽ እንሂድ፣ ይመሽብናል።» ቀኝ እጇን ይዛ ትጎትታት ጀመር።

በአገኘሁሽ ግራ እጅ ያለው ፈትል ተወጠረ። አንዴ ተሳበ። ሁለቴም ተሳበ። እንደ ልማዷ «ተመስገን» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሦስተኛው መጣ።